የመንገደኛ ማስታወሻና የሰው ኮምፒዩተር

የቀድሞው የቆሎ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከትቶ፣ በትከሻው አንግቶ ይሄድ ነበር። በእንግድነት ባደረበት ቤት መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ ያነባል፤ ሲጨርስም መልሶ ይከተዋል። በማግሥቱ ተሰናብቶ ሲሄድ፣ ካነበበው ነገር በባለቤቱ ቤት የምትቀር አንዲት ፊደል እንኳ አልነበረችም።

የዛሬው ተማሪና የዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ማስታወሻውን የሚያኖረው በሌላ ዓይነት ማኅደር ነው። የትምህርት ማስታወሻው፣ የጥናት ጽሑፉ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ የመስክ ሪፖርቱ፣ የትምህርት ማስረጃው ሁሉ በጎግል ድራይቭ ወይም በቴሌግራም ወይም ጣት በምታህል ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሸክም የለውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም አይበላውም። የሆነ ሆኖ አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም የሚነበብበት መሣሪያ ይፈልጋል። መንገድ የወጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተር ይዞ አይሄድም፤ ወይ ከቤት ትቶት መጥቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልገዛም። ስለዚህ «እባክህ ኮምፒዩተርህን ላንድ አፍታ ልጠቀምበት» ማለት ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ የዛሬው ምክራችን በዚህች «ላንድ አፍታ» በምትባለው ነገር ላይ ነው። አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ለተግባር ልምምድ፣ ለሥልጠና፣ ለመስክ ሥራ ወይም ለትምህርት ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩ ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ሳይደርስባቸው አስቀድመው ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

በሰው ኮምፒዩተር ላይ ማስታወሻውን የሚከፍት መንገደኛ ሁለት ጉዳቶች ይጠብቁታል። አንደኛው፣ ማስታወሻው አልከፈት ብሎት በጉዳዩ ፊት ባዶ እጁን መቆም ነው። ሁለተኛው፣ ማስታወሻው ከተከፈተለት በኋላ ሳይዘጋው ትቶት መሄድ ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይፈራል፤ ሁለተኛውን የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጉዳት ያኑ ዕለት ይታወቃል፤ አፍሮም ይሁን ተቆጥቶ ሰው መላ ይፈልግለታል። ሁለተኛው ጉዳት የሚታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ምናልባትም የማያውቁት ሰው በስማቸው ደብዳቤ ሲጽፍ ወይም ገንዘብ ሲጠይቅ ነው።

በሩ አልከፈት ሲል

ከመጀመሪያው እንነሣ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ለሥልጠና ተልኮ፣ የሚያቀርበውን ጽሑፍ በጎግል ድራይቭ አስቀምጦታል እንበል። በተቀበለው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በትክክል ያስገባል። ጎግል ግን ከዚህ ቀደም አይቶት ከማያውቀው መሣሪያ ስለ መጣበት ይጠረጥራል፤ «በእውነት አንተ ነህን?» ብሎ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ይህንንም ሁለተኛ መቆለፊያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንበኞቹ ሳይጠይቁት ራሱ ለብዙዎቹ ያስገባላቸው ጀመር።

ማረጋገጫው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። እንግዲህ የስልኩ ባትሪ ካለቀ፣ ወይም ስልኩ በመናኸሪያ ከጠፋ፣ ወይም ሰውየው ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ የኢትዮጵያውን ሲም ካርድ አውጥቶ የሌላ አገር ሲም ካርድ ካስገባበት፣ ማረጋገጫው ላይደርሰው ይችላል። የይለፍ ቃሉን እያወቀ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚገኘው ከጉዞ በፊት ነው። ጎግል ሁለተኛውን መቆለፊያ ለሚጠቀሙ ሰዎች 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል። እያንዳንዱ ቁጥር 8 አኃዝ አለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። እነዚህን ቁጥሮች ከቤት ሳሉ አውጥቶ በወረቀት ላይ ገልብጦ በውስጥ ኪስ መያዝ የመንገደኛ ስንቅ ነው። የይለፍ ቃሉን ግን በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አይገባም፤ ቁልፍን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው እንቅፋት ኢንተርኔቱ ራሱ ነው። በአገራችን ኢንተርኔት የቆመባቸውን ጊዜያት ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተቋርጦ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ደግሞ በመላው አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ጠፍቶ ኖረ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ኢንተርኔቱ እያለ እንደ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ያሉት ታግደው ነበር፤ በዚያ ወራት ማስታወሻውን ሁሉ በቴሌግራም ያኖረ ተማሪ የገዛ ጽሑፉን በቀጥታ ለመክፈት አልቻለም። ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ሩቅ ያለ ዕቃ ጥሩ መጠባበቂያ ይሆናል፣ ብቸኛ መኖሪያ ግን ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ለዚያ ጉዞ የሚያስፈልገው ጽሑፍ በስልኩ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ሆኖ መውረድ አለበት። ጎግል ድራይቭም ይህን እንዲያደርግ የሚታዘዝበት ምልክት አለው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

የፊደል ነገር

ማስታወሻው ከተገኘ በኋላም የማይነበብበት ጊዜ አለ። በተለይ አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ቀደም ባለው ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እያንዳንዳቸው የግዕዙን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ በየራሳቸው መንገድ ይደረድሩት ነበር። ጽሑፉ ያ ፕሮግራም ባለበት ኮምፒዩተር ላይ አምሮ ይነበባል፤ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲሄድ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ንያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በየትም አገር ቢከፈት ይነበባል።

ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ በድሮው ፊደል የተጻፉ መዝገቦች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠው፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮት ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላልና።

ማንበብ አንድ ነገር፣ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። በሰው ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ መጻፊያ ላይኖር ይችላል፤ በሰው ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን ደግሞ ነውር ነው፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ካልፈቀደ አይቻልም። ኪማን የተባለው መጻፊያ ምንም ሳይጫን በብሮውዘር ውስጥ አማርኛ ለመጻፍ ያስችላል። ሌላው መንገድ አማርኛውን በስልክ ላይ ጽፎ ማስተላለፍ ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። የፈረንሳይ የኮምፒዩተር ገበታ ላይ «ኤ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት ቦታቸው ተለዋውጧል፤ በጀርመኑ ላይ ደግሞ «ዋይ» እና «ዜድ» ተለዋውጠዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበታው ዐረብኛ፣ በእስራኤል ዕብራይስጥ ጽሕፈት ላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰው የተሳሳተውን ሳያይ ሦስትና አራት ጊዜ ይሞክርና መለያው ይቆለፍበታል። ስለዚህ አስቀድሞ ከአንዱ የመጻፊያ ቦታ ላይ ጥቂት ፊደላትን መትቶ፣ ምን እንደሚወጡ አይቶ፣ ደምስሶ መጀመር ብልኅነት ነው። የይለፍ ቃሉን ግን እዚያ ላይ መሞከር አይገባም።

ተከፍቶ የቀረ በር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳት እንምጣ። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ጽሑፍ አሳትማችሁ ታውቃላችሁ። ሰልፍ አለ፤ ባለቤቱ «ቶሎ በሉ» ይላል፤ ፋይሉ ከኢሜይል ወይም ከቴሌግራም ይወርዳል፤ ይታተማል፤ ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል። እስቲ በዚያች ኮምፒዩተር ፊት ላይ ምን እንደሚታይ ልብ በሉ። የሥራ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ግልባጭ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የኪራይ ውል፣ የአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሌላው የሕክምና ወረቀት። የሁሉም ባለቤቶች ሄደዋል፤ ወረቀታቸው ግን ቀርቷል።

ይህ የሚሆነው በማንም ክፋት አይደለም። ኮምፒዩተር ሠራተኛውን ለመርዳት ሲል ብዙ ነገር ያስታውሳል። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ዳውንሎድ በተባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተ ጽሑፍ ስሙ በቅርብ ጊዜ ከተከፈቱት ተርታ ይመዘገባል። ብሮውዘሩ «የይለፍ ቃልህን ላስቀምጥልህን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰው ምን እንደ ተጠየቀ ሳያነብ «አዎን» ይላል። የተደመሰሰ ፋይል እንኳ ወዲያው አይጠፋም፤ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳል፤ ከዚያም ከተጣለ በኋላ ቢሆን የሚያወጣው ባለሙያ አይታጣም። የብሮውዘሩን መስኮት በቀይዋ ምልክት መዝጋትም መውጣት አይደለም። መለያው ተከፍቶ እንዳለ ስለሚቆይ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ያንኑ ገጽ ሲከፍት የናንተ ኢሜይል ይቀበለዋል።

ለዚህ ጉዳት የሚሆን አንድ መከላከያ በእያንዳንዱ ብሮውዘር ውስጥ ይገኛል። በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን የተባሉት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ፣ በፋየርፎክስ ደግሞ በኤን ፈንታ ፒ ሲጫን፣ የግል መስኮት ይከፈታል። በዚህ መስኮት የተሠራ ሥራ የግል መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ዱካው ከብሮውዘሩ ይጠፋል፤ የተጎበኙት ገጾች ዝርዝር አይቀርም፣ መለያውም ተከፍቶ አይቆይም።

ነገር ግን የግል መስኮት ከሚገባው በላይ እንዳይታመን እናስጠንቅቃለን። የወረደው ፋይል ከወረደበት ፎልደር አይጠፋም። የመሥሪያ ቤቱን መረብ የሚቆጣጠረው ሰው የትኞቹ ድረ ገጾች እንደ ተጎበኙ ሊያይ ይችላል። ከሁሉም በላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ የተንኮል ፕሮግራም ከተቀመጠበት፣ የግል መስኮት ምንም አይከላከልም።

ጣትን የሚቆጥር ሌባ

የተንኮል ፕሮግራም ያልነው ምንድን ነው? በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተደብቆ፣ ሰው በገበታው ላይ የሚመታውን እያንዳንዱን ፊደል እየመዘገበ ለጌታው የሚልክ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራም ሳይሆን በገበታው ገመድና በኮምፒዩተሩ መካከል የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ሆኖም ይገኛል። ባለቤቱ ራሱ እንኳ መኖሩን ላያውቅ ይችላል።

ነገሩ ተረት እንዳይመስላችሁ ሁለት ታሪክ እንንገራችሁ። በኒውዮርክ ከተማ አንድ ወጣት ኪንኮስ በተባሉት የማተሚያና የፎቶ ኮፒ ሱቆች ውስጥ፣ ደንበኞች በሚከራዩዋቸው ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በምሥጢር ጭኖ ሁለት ዓመት ያህል ሠራበት። ከ450 የሚበልጡ የሰዎችን ስሞችና የይለፍ ቃሎች ሰበሰበ፤ ተይዞም በ2003 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ሁለተኛው ታሪክ የቴክሳስ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር የአሜሪካ የምሥጢር አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለሆቴሎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ባሉ ትልልቅ ሆቴሎች፣ ለእንግዶች መገልገያ በተቀመጡ ኮምፒዩተሮች ላይ ሌቦች ይህንኑ ፕሮግራም ጭነው ተገኝተው ነበርና። ሌቦቹ በተሰረቀ የባንክ ካርድ እንደ ማንኛውም እንግዳ ክፍል ተከራይተው የገቡ ናቸው።

ከነዚህ ታሪኮች ልብ ማለት የሚገባን፣ ኮምፒዩተሮቹ የቆሙት በጨለማ ጉራንጉር አለመሆኑን ነው። የታወቀ ሱቅና የተከበረ ሆቴል ነበር። የቦታው ማማር ስለ ኮምፒዩተሩ ንጽሕና ምስክር አይሆንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው።

በማያውቁት ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃልን በገበታ ከመጻፍ የሚያድን አንድ መንገድ አለ። ቴሌግራምን በብሮውዘር ለመክፈት የሚፈልግ ሰው በኮምፒዩተሩ ፊት የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ዝንጉርጉር ምልክት በስልኩ ካሜራ ካነሣው ገጹ ይከፈትለታል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያላስገባ ሰው ከሆነ በገበታው ላይ አንድም ፊደል አይመታም። ብዙ ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ለራሳቸው በሚልኩበት የቴሌግራም ሣጥን ስለሚያስቀምጡ ይህ ይጠቅማቸዋል። አደጋውን ግን እንወቀው፤ በዚያ ምልክት የሚከፈተው የማስታወሻው ሣጥን ብቻ አይደለም፤ ከእናት፣ ከጓደኛና ከአለቃ ጋራ የተጻጻፉት ሁሉ አብሮ ይከፈታል፤ ካልተዘጋም ተከፍቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ በስልኩ ቅንብር ውስጥ መሣሪያዎች ከተባለው ቦታ ገብቶ ሌሎቹን በሙሉ መዝጋት ያስፈልጋል። ጎግልም በመለያው ውስጥ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደ ገቡ የሚያሳይ ዝርዝር አለው፤ ጅማ ላይ የተረሳውን አዲስ አበባ ሆኖ መዝጋት ይቻላል።

ስለ ፍላሽ

ፍላሽ የመንገደኛ ወዳጅ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ነገር ግን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲዘዋወር በሽታ ይዞ ይዞራል። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም፤ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል፤ ሰው ያንን ሲነካ ቫይረሱ ይነሣል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስም ይሰራጭባቸው ከነበሩት መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር፤ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖች እስከ መጉዳት ደርሷል። እንግዲህ ፍላሽ ለፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ሲሰጥ፣ ፍላሹ ከዚያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤቱ ወይም ወደ ቤተሰቡ ኮምፒዩተር ምን ይዞ እንደሚመለስ ማሰብ ይገባል።

ፍላሽ ሁለተኛ ጠባይ አለው፤ ይጠፋል። የወደቀ ፍላሽ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ዓመታት የተደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ ብቻ ሊኖር አይገባውም። ለማሳተም የሚሄድ ሰውም የሕይወቱን ሁሉ ወረቀት የያዘ ፍላሽ ይዞ አይሂድ፤ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ በአንድ ባዶ ፍላሽ ላይ አድርጎ ይሂድ።

አደራ ያለበት ሰው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዛ ንብረት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ማስታወሻ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት በማስታወሻው ውስጥ የአመልካቾችን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የመሬት ክርክር፣ የበሽተኛ ካርድ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ባለጉዳዩ ይህን የነገረው መንግሥት ይጠብቅልኛል ብሎ ነው። ያ ጽሑፍ በአንድ ሆቴል ኮምፒዩተር ላይ ቢቀር የሚጎዳው ሠራተኛው ሳይሆን፣ ነገሩን ፈጽሞ የማያውቀው ባለጉዳይ ነው።

ሕጉም ይህን ያስባል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይቀድመዋል። ስለዚህ የሰው ስም ያለበት መዝገብ በማያውቁት ኮምፒዩተር ላይ ፈጽሞ አለመክፈት ይሻላል። ግድ ከሆነም ስሙን አውጥቶ ለሥራው የሚያስፈልገውን ቁጥር ብቻ መያዝ ነው።

የመንገደኛ ሥርዓት

አንባቢዎቻችን በቀላሉ እንዲያስታውሱት ነገሩን ባጭሩ እንዘርዝረው።

1ኛ፤ ከቤት ሳትወጡ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ጽሑፍ ለይታችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት በስልካችሁ አውርዱ። አንድ ገጽ የማይሞላ ዋና ነገር ከሆነ በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም።

2ኛ፤ የመጠባበቂያ ቁጥሮቻችሁን አውጡ፤ ከስልካችሁ ተለይቶ በሚቀመጥ ቦታ ያዟቸው፤ ስልኩ ሲጠፋ አብረውት እንዳይጠፉ።

3ኛ፤ ዘወትር ወደ ውጭ የምትወጡ ከሆነ ለጉዞ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ መለያ ክፈቱ። የሚያስፈልጉትን ጥቂት ጽሑፎች ወደዚያ ላኩ፤ በሰው ኮምፒዩተር ላይ የምትከፍቱት ይህን ብቻ ይሁን። ቢሰረቅም የሚሰረቀው የአንድ ጉዞ ስንቅ ነው፤ ጎተራው በሙሉ አይደለም።

4ኛ፤ በስልክ ማንበብ የሚበቃ ከሆነ ኮምፒዩተር አትለምኑ። ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ለማተም፣ ለረጅም ጽሕፈትና ለስብሰባ ማሳያ ነው።

5ኛ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ስትቀመጡ የግል መስኮት ክፈቱ፤ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ቢላችሁ «አይሆንም» በሉ፤ የባንክ ሥራ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ከቶ አትሥሩ።

6ኛ፤ ስትነሡ ከመለያችሁ ውጡ፤ ያወረዳችሁትን ደምስሱ፤ ቅርጫቱንም ስታዩ የናንተን ብቻ ለይታችሁ ጣሉ፤ የባለቤቱን ዕቃ አትንኩ። ፍላሻችሁንና ከማተሚያው ላይ የቀረ ወረቀታችሁን አንሡ።

7ኛ፤ ከጉዞ ስትመለሱ የመለያችሁን የመሣሪያዎች ዝርዝር ተመልክታችሁ የማታውቁትን ዝጉ፤ በጉዞ ላይ በገበታ የጻፋችሁትንም የይለፍ ቃል ለውጡ።

እነዚህ ሰባት ነገሮች ብዙ ቢመስሉም፣ ልማድ ሲሆኑ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጡም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፣ ጊዜ የሚያባክነው ጥንቃቄው ሳይሆን ጥድፊያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ስለ ጨዋነት እንበል። ኮምፒዩተሩን ያዋሰ ሰው እምነት ጥሎ ነው ያዋሰው። የእርሱም ደብዳቤዎች፣ የእርሱም የቤተሰብ ፎቶግራፎች እዚያው አሉ። የእንግዳ ዓይን በሰው ጓዳ እንደማይዞር ሁሉ፣ የተዋሰም ሰው ከራሱ ሥራ ውጭ አንድ ፎልደር መክፈት አይገባውም። ለባለቤቱ ያለውን አክብሮት የሚያሳየው እንዲህ ነው፤ የገዛ ምሥጢሩንም ሆነ የበሽታ ፍላሹን ሳይተውበት፣ አመስግኖ፣ ወንበሩን መልሶ ይሄዳል። እንዲህ ያደረገ እንግዳ በሌላ ቀን ተመልሶ ቢመጣ «ና፣ ተቀመጥ» የሚለው አያጣም።